ድምፅ የሌለው ጊታር

ሰኞ

ዛሬም አንገቱ አልገባም። ስክሪኑ ላይ የጊታሩ አካል ቆንጆ ሆኖ ተኝቷል፤ አንገቱን ወደ ማስገቢያው ስገፋው ግን ጥጉ ላይ ቀይ ይሆንብኛል። ማስገቢያውን ሳጠበው አይገባም፣ ሳሰፋው ይንገዋለላል። የመሣያ ፕሮግራሙ ግትር ነው። እኔም ግትር ነኝ፤ ማን እንደሚደክም እናያለን።

ፖሌግ ሰፈር በምሠራበት ፋብሪካ ዮሲ የሚባል የማሽን ጠጋኝ አለ። ከኮምፒውተር የተላከላትን ሥዕል ተከትላ እንጨት የምትቀርጽ ትንሽ ሲኤንሲ ማሽን አለችው፤ ሊሸጥልኝ ተስማምቷል። ግን «መጀመሪያ መሣል ተማሪ። መሣል የማያውቅ ሰው እጅ ከገባች እንጨት ማበላሻ ነች» አለኝ። አንድ ጊታር ሙሉ በሙሉ ሥዬ ካሳየሁት የኔ ናት። ማሽኗን ያስቀመጠበትን መጋዘን ሊለቅ ስለሆነ ግን ብዙ አይጠብቀኝም።

ቤታችን ራማት የዲዲም የሚባል ሰፈር ነው፣ እኔና እናቴ ብቻ ነን። ማሽን የሚቀመጥበት ቦታ ያለው የተዘጋው በረንዳ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ የአባባ ወንበር አለ። አባባ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። እናቴን እንዴት ብዬ ልጠይቃት? ማሽን የለኝ፣ እንጨት የለኝ፣ ቦታ የለኝ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ማክሰኞ

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ስሥል ያዘችኝ። ምንድን ነው ይሄ አለች፤ ጊታር ነው አልኳት። «ተዝካሩ ሳይወጣ?» ሥዕል እኮ ነው እማ፣ አይጮህም አልኩ። «ሥዕልስ ቢሆን» ብላ ወጥ ቤት ገባች።

ለአባባ ዓመቱ እስኪሞላ በዚህ ቤት ሙዚቃ የለም። ሬዲዮ የለም፣ ሠርግ አንሄድም። ጊታሬ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። ማንም አላዘዘኝም፣ ራሴ ነኝ የጠቀለልኩት። ግን ይናፍቀኛል። ፋብሪካው ውስጥ ዕቃ ሳሽግ ጣቶቼ ካርቶኑ ላይ ክር ሲፈልጉ አገኛቸዋለሁ። ክር ያደደረው የጣቶቼ ጫፍ እንኳ ለስልሷል፤ ዛሬ ሳየው ከፋኝ።

ስለዚህ የማልጫወተውን እሥላለሁ። የዛሬ ድሌ፦ የጊታሩ ወገብ ግራና ቀኝ እኩል ሆነልኝ።

ረቡዕ

በምሳ ሰዓት ላፕቶፑን ለዮሲ ሰጠሁት። አንዴ አየና ሳቀ። «ዚና፣ መቁረጫው እኮ ክብ ነው። ክብ ነገር ሹል ጥግ አያወጣም፤ የማስገቢያው ጥግ ክብ ሆኖ ይቀራል። የአንገቱንም ጥግ ማድቦልቦል አለብሽ። አስተማሪው ይናገረዋል፤ አልሰማሽም?»

አልሰማሁም። በኢንተርኔት የምከታተለው አስተማሪ ትምህርቱን ሲጀምር ጊታር ይመታል፣ በየመሃሉም ደስ ሲለው ይመታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ድምፁን ዘግቼ፣ እጁን ብቻ እያየሁ ነው የተማርኩት። ስነግረው ዮሲ መሳቁን ተወ። «ለአባትሽ ብለሽ? ዓመት ሙሉ?» አዎ አልኩት። «እኛ ቤት በሐዘን ጊዜ ከወር በኋላ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል» አለና ሳንድዊቹን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ።

አፈርኩ እንዴ? ትንሽ። ድጋሚ ግን ያንኑ ነው የማደርገው።

ሐሙስ

ጥጎቹን አድቦለቦልኳቸው። አንገቱ ገባ። ገባ፣ ቀይ የለም፣ ልክክ አለ።

ለማን ልንገር? አባባ ቢኖር ላፕቶፑን ይዤ በረንዳው ድረስ እሮጥ ነበር። ስለ ጊታር ምንም አያውቅም ነበር፤ ሲያሾፍብኝ «አዝማሪዋ» ይለኝ ነበር። ስጫወት ግን የበረንዳውን በር ዘግቶ አያውቅም። ናፈቀኝ። ምን እደብቃለሁ፣ በጣም ናፈቀኝ።

ለእናቴ አሳየኋት፤ አስተማሪውም ስክሪኑ ላይ ያለ ድምፅ ያወራ ነበር። «ማህሼቡ ድምፅ የለውም እንዴ?» ብላ ኮምፒውተሩን ወዲያ ወዲህ አየችው። ድምፁን ዘግቼ እንደተማርኩ፣ ስለ ዮሲ ማሽንም ነገርኳት። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ማሽኑን የት ልታስቀምጪው ነው አለችኝ። ዓይኔ ወደ በረንዳው ሄደ። የእሷም ተከተለው።

«እሱ አይሆንም» አለች።

ዓርብ

ዮሲ ሥዕሉን አሳለፈልኝ። «ማሽኗ ያንቺ ናት፤ መቼ ላምጣት?» አለ። እነግርሃለሁ አልኩት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ከእናቴ ጋር መሀል ከተማ ወረድን፤ ለቅዳሜ ሰንበት ፍራፍሬ ገዛን። አንድ ካፌ በር ላይ የሆነ ሰው ጊታር ይዞ ሲጫወት አየሁ። መንገድ ተሻገርኩ፤ እናቴ ለምን እንደተሻገርን አልጠየቀችም። ልቤ ግን እዚያው ማዶ ቀረ።

ቤት ስንገባ የአባባን ወንበር ልብስ አጥባ አሰጣች። በየዓርቡ ታጥበዋለች፣ ለሰንበት ንጹሕ እንዲሆን። ማንም አይቀመጥበትም። ይህን እያየሁ ስለ ማሽን ደግሜ ላነሳ አልቻልኩም። ይቅር ብያለሁ። ዮሲን ለሌላ ሰው ሽጣት እለዋለሁ።

እሁድ

ዛሬ የሥራ ሳምንቱ ተጀመረ፤ ዮሲ ግን ሥራ ስላልገባ አልነገርኩትም።

ከሥራ ስመለስ በረንዳው ባዶ ነው። ተጠርጓል፣ ተወልውሏል፣ መስኮቱ እንኳ ታጥቧል። ደነገጥኩ። ወንበሩስ ብዬ ስጮህ እናቴ ከመኝታ ክፍሏ ጠራችኝ። አልጋዋ አጠገብ አስጠግታዋለች። ብቻዋን ነው የጎተተችው፤ ወገቧን ይዛ ተቀምጣ ነበር።

ለምን እማ፣ አልኳት።

«ሌሊት ስነቃ እንዳየው ነው። እዚያ ሆኖ ሩቅ ነበር።» ከዚያ፦ «ዕቃሽ ይምጣ። ተዝካሩ እስኪወጣ ግን እንዳይጮህ፣ ሸፍነሽ አስቀምጪው።» እሺ አልኩ። «ትምህርቱንም ሰውዬው ሲያወራ ክፈቺው፣ ሲመታ ዝጊው። እንዲህ ጆሮ ዘግቶ መማር የት ያደርሳል?»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፣ ትንሽ።

ከዚያ ተመልሼ በረንዳው መሃል ቆምኩ። ስንት ጊዜ ይህን ቦታ ስመኝ ከረምኩ። አሁን ተሰጠኝ፣ ባዶውን ሳየው ግን የፈለግሁት ማሽን አልነበረም። እዚያ ተቀምጦ «አዝማሪዋ» የሚለኝን ሰው ነበር የፈለግሁት። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እናቴ እንዳትሰማኝ ቀስ ብዬ።

ሲወጣልኝ ሜትር አምጥቼ ለካሁ። ማሽኗ ትገባለች፣ ለእንጨቱም ቦታ ይተርፋል። ለዮሲ «አምጣት» ለማለት ግን ዛሬ አልደወልኩም።