አጎቴ ኦስባልዶ ማቴው ሲማሰልበት

ናሁዌል፣ አንተ ሰነፍ!

ይህን እዚያ የዓለም ደቡብ ጫፍ ኡሹዋያ ሦስት ካልሲ ደርበህ በሐምሌ ብርድ እየተንቀጠቀጥክ አንብበው። እኔ እዚህ ሞቃቷ ናታል፣ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ በቁምጣ ተጋድሜአለሁ፤ አፍንጫዬ ተልጦ አልቋል።

አጎቴን ታውቀዋለህ፤ ሚስቱ ጥላው ከሄደች አራት ዓመት ሙሉ ጥርሱን አላየንም። እናቴ «ፀሐይ ይምታውና ይሳቅ» ብላ ከእኔ ጋር ላከችው። ትናንት ታዲያ እንደምንም ደፈረና የተጠበሰ አይብ ለምትሸጠው ለዙሌይዴ ያን ትኩስ የማቴ ቅጠል ሻዩን በገዛ ቅሉ ቀድቶ ሰጣት። በዚህ ሙቀት የፈላ ውሃ በፔርሙስ ይዞ የሚዞር ከእኛ ሰው በቀር ማን አለ!

እኔ ደግሞ አላስችል አለኝ። «እትዬ፣ በመምጠጫው ቧንቧ በደንብ አማስዪው፤ ደስ ይለዋል» አልኳት። ማቴ መማሰል ነውር መሆኑን የት ታውቃለች፣ እንደ ገንፎ አማሰለችው! ባለፈው የገና በዓል አባቴን «መምጠጫውን ነቀነቅህብኝ» ብሎ ከገበታ ያስነሳው ይኸው ሰውዬ ነው እኮ። ፊቱ ቀላ። የአጎቴን ዕድል በገዛ አፌ ገደልኩት አልኩ።

«አጠፋሁ እንዴ ጌታው?» አለች ዙሌይዴ።

ቅሉን ተቀብሏት መጠጠ። ቅጠሉ ሁሉ አፉ ገባ፤ አኝኮ ዋጠው። «ኧረ እንዲህ ነው የሚጣፍጠው!» ብሏት ሳቀ። ጥርሱ ሁሉም አለ፤ ቆጥሬዋለሁ።

ዛሬ መመለሻችንን ወደ ነሐሴ መጨረሻ አዛውሮታል። ስለዚህ የጣሪያችንን በረዶ አንተው ጥረግልን፤ ወጣት ነህ።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እናቴን ሳምልኝና «ወንድምሽ ስቋል» በላት። ያሳቀው እኔ መሆኔን ካልነገርካት ግን ወዮልህ!

ላውታሮ