ስለ ሞተርህ እውነቱን ልንገርህ

ለውድ ወንድሜ ለጌዲ፤

የጌታ ሰላም ካንተና ከቤትህ ጋር ይሁን። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ያ የወገብህ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም እየተጎበጥክ ነው ሱቁን የምትከፍተው? እዚያ በሰው አገር አሁን ሙቀት ነው ስላልከኝ ወገብህም ትንሽ አርፎ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ብርቅዬስ ደህና ናት? ናሆም ጥርስ አበቀለ? እኔና ገነት በጤና አለን። ሆሳዕና ያለችው እናታችንም ደህና ናት፤ ባለፈው ሳምንት በስልክ ሳገኛት ያንተን ስም ሦስት ጊዜ ጠርታ የኔን አንዴም ሳትጠራ ዘጋችው። ደዋዩ እኔ፣ ናፋቂው አንተ።

ስልኩ ይቆራረጣል፣ ኢንተርኔቱም አንድ ቀን ቢሠራ ሦስት ቀን አይሠራም፤ ይህን ነገር ደግሞ እየተቆራረጠ እንድትሰማው አልፈለግኩም። ከማል ማክሰኞ ወደ እናንተ ስለሚበር ወረቀቱን በእጁ ያደርስልሃል። ነገሩ ትተህልኝ ስለሄድካት ሞተርህ ነው። አትደንግጥ፣ አልተሰረቀችም። ባለፈው ሰርቪስ አድርጌያታለሁ ብዬህ ነበር። ሰርቪስ አልነበረም።

እንደምታውቀው ያቺ ስኩተርህ የምትቆጥበውን ቤንዚን ያህል ዕድሜ ትጨርሳለች። ከዓለም ገና ጋራዥ ወደ ሰበታ ስመለስ ሜዳው ላይ ከአርባ አምስት አታልፍም፤ ዳገት ላይማ ወርጄ ብገፋት ይሻለኝ ነበር። የአከራያችን የኦቦ ጃለታ ልጅ ሙሴ፣ ባጃጁን ሙሉ ሰው ጭኖ እያለፈኝ እጁን በጎን ያወጣና እስራኤል፣ ገመድ ልወርውርልህ ይለኛል። ገነት ከኋላዬ ተቀምጣ ከሱ ጋር ትስቃለች። አሥራ አንድ ዓመት ሞተር የፈታሁ ሰውዬ በባጃጅ መቀለጃ ስሆን እስቲ አስበው። ለገነት ሞተሯን የማፈጥናት መንገድ ሳይዘጋ ቶሎ ቤት ለመድረስ ነው አልኳት። በርግጥ ማስተር ፕላኑ መሬታችንን ሊወስድ ነው ብሎ ሕዝቡ ከተነሳ ወዲህ መንገድ የሚዘጋው በሆነ ባልሆነው ነው፤ ዛሬ ቡራዩ ተዘጋ ይባላል፣ ነገ ሱሉልታ፣ ከነገ ወዲያ እኛው ደጅ። ላንተ ግን አልዋሽም፤ ያነሳሳኝ ባጃጁ ነው።

ሥራው ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ጎማዋን የሚያዞረውን የቺንጋውን ቀበቶ ክዳን ስከፍት፣ ቀበቶው የሚዞርበት ፑሌጃ ሙሉ በሙሉ እንዳይጠጋ ፋብሪካው ያስገባባትን ቀለበት አገኘሁና አወጣኋት። የማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው፣ አንገት ውስጥ ጭሱን አንቆ የያዘ ጠባብ ቀዳዳ ነበረ፤ እሱንም በመሰርሰሪያ አሰፋሁት። ቤንዚን የሚያሳልፈውን ጅግለር ቡራዩ ካገኘሁት አሮጌ ሞተር ላይ በፈታሁት ትልቅ ጅግለር ቀየርኩት። ማርሚታውን መልሼ ሳስር ግን መገጣጠሚያውን የሚደፍነው ጓርኒሲዮን ተቀዶ ነበር፤ ሌላ እስካገኝ ብዬ ከጣሳ ላይ ቆርጬ አስገባሁበት። ለሰው ሞተር ቢሆን አላደርገውም ነበር። የራሳችን ናት ብዬ ነው።

ሰባ ሁለት ገባች። ሙሴን ዳገቱ መሃል ላይ አልፌው ስሄድ እኔም እጄን አውጥቼ ገመድ ልወርውርልህ አልኩት፣ እስከ ማታ ስስቅ ዋልኩ። አንድ እንከን ብቻ ነበራት፤ ቁልቁለት ላይ ጋዙን ስለቅላት ከኋላ ትተኩሳለች። በዚያ በጣሳው ክፍተት አየር እየገባ ያልተቃጠለውን ቤንዚን ማርሚታው ውስጥ ያፈነዳዋል። ጋራዥ ውስጥ ይህ በየቀኑ የምንሰማው ነው፣ ማንም ቀና ብሎ አያይም። የኔ ጆሮ ስለለመደው የሁሉም ሰው ጆሮ የለመደው መሰለኝ። ጥፋቴ ይኸው ነው ጌዲ፣ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም።

ታኅሣሥ አሥራ ሰባት፣ እሑድ ነው። የኦቦ ጃለታ የእህታቸው ልጅ በዚህ ግርግር ሞቶ ከተቀበረ ሦስተኛው ቀን ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ በቀጥታ ወደ ለቅሶው ሄድኩ። ድንኳኑ ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው የተተከለው። ወደ ለቅሶ ቤት ሞተር እያጓራ አይገባም፤ ስለዚህ ከድንኳኑ ራቅ ብዬ፣ ለሐዘንተኛው ክብር ብዬ፣ ጋዙን ለቀቅኩ። ሦስት ጊዜ ተኮሰች።

ያን ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገርህ። ሰው በሙሉ አንድ ላይ ተነሳ። ድንኳኑ በአንድ ወገን ወደቀ፣ ሴቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ አጥሩ ሮጡ፣ አንዱ ተኮሱብን ብሎ ጮኸ። ኦቦ ጃለታ አግዳሚ ወንበር ጠልፏቸው ወደቁ፣ ሰው ረገጣቸው። እኔስ ምን አደረግኩ መሰለህ? ሞተሯን አጥሩ ሥር ጥዬ ከሰው ጋር ሮጥኩ። ከራሴ ሞተር ሮጥኩ። ቆሜ እኔ ነኝ ማለት ሲገባኝ እግሬ ቀደመኝ፤ እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ከሰዓት በኋላ ወጌሻው የኦቦ ጃለታን ቀኝ እጅ በቀርከሃ ሲያስር ወሬው ከኛ ቀድሞ ከተማውን ዞሮ ነበር። ለቅሶ ላይ ተተኮሰ ይላል። አንዱ ከመኪና ላይ ሲተኩሱ በዓይኔ አይቻለሁ ይላል፣ ሌላው ሁለት ሰው ሞቷል ይላል። ወጣቶቹ ነገ በጠዋት አስፋልት እንወጣለን ተባባሉ፤ ከፊት የሚሆነው ደግሞ ሙሴ ነው። አስፋልት ላይ ምን እንደሚጠብቃቸው ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የሟቹ መቃብር ሣር እንኳ አላበቀለም።

ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩ። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ብናገር ማን ላከህ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ከደቡብ የመጣሁ ተከራይ ነኝ፤ አፋን ኦሮሞዬ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። ለገነት ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። የሰውዬው እጅ ተሰበረ፣ ዝም አልክ፤ ልጃቸውም እስኪሞት ዝም ልትል ነው ወይ ብላ ነጠላዋን አነሳች። አንተ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ አለች። ይህችን ሴት ያገባሁት በፀሎት ነው እያልክ ታሾፍብኝ የለ፣ ልክ ነህ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ኦቦ ጃለታን ከበው ለቅሶው ቤት ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ወጣቶቹ ከኋላ ቆመዋል። የተተኮሰ ጥይት የለም፣ ድምፁ የኔ ሞተር ነው አልኳቸው። ያልጠበቅኩት ነገር መጣ፤ አላመኑኝም። ሙሴ ራሱ፣ ምን ብለው አስፈራርተውህ ነው እውነቱን የምትሸፍንላቸው አለኝ። ከኋላ ደግሞ አንዱ ሰላይ አለኝ። ወንድሜ፣ ውሸት ስናገር ስንቴ ታምኛለሁ፤ እውነት ይዤ ስመጣ የሚያምነኝ አጣሁ።

እሺ አሳያችኋለሁ አልኩና ሞተሯን አምጥቼ እዚያው ፊታቸው አስነሳኋት። ጋዝ ሰጠኋት፣ ለቀቅኩ። ዝም። ደግሜ ሰጠኋት፣ ለቀቅኩ። አሁንም ዝም። ለካ ቀዝቅዛለች፤ ካልሞቀችና ቁልቁለት ካልወረደች አትተኩስም። ወጣቶቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ ኦቦ ጃለታ በደህናው እጃቸው ዝም አሰኟቸው። ሙሴን ከኋላው ተቀመጥ፣ አብራችሁ እስከ ላይ ሂዱና በመጣበት መንገድ ይምጣ አሉት። ለመንደሩ ሰው ደግሞ ድምፅ ስትሰሙ እንዳትሮጡ ብለው ልጅ ሳይቀር አስነገሩ።

ሙሴ ወገቤን ይዞ ከኋላዬ ተቀመጠ። ከላይ ዞረን ቁልቁል ስንወርድ፣ ያኔ የለቀቅኩበት ቦታ ላይ ስንደርስ ለቀቅኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር እንዳይተኩስ ነው የለመንኩት፤ ያን ቀን ጌታ ሆይ ትተኩስ አልኩ። አራት ጊዜ ተኮሰች። ሙሴ ግንባሩን ጀርባዬ ላይ አሳረፈ፣ እስክንደርስም አላነሳውም። ኦቦ ጃለታ ወደ ወጣቶቹ ዞረው ኢጆሌ፣ መነ ገላ አሉ፤ ልጆች፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ ማለታቸው ነው። ገቡ። ሰኞ ጠዋት አስፋልት የወጣ አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ የፈረዱብኝ ሁለት ነገር ነው። ሞተሯን ፋብሪካ እንደሠራት አድርጌ በገዛ እጄ ልመልሳት፤ የኦቦ ጃለታ እጅ እስኪድን ደግሞ ለላማቸው ሣር የማጭደው እኔ ልሁን። እሳቸው እርቁን ተቀብለው ራሴን በግራ እጃቸው ዳሰሱኝ። ማጭድ ከያዝኩ ስንት ዘመኔ ነው፤ ላሟ እንኳ ሣሩን አሽትታ ትታዘበኛለች። ሞተሯን ሰኞ ዕለት ፈታኋት። ቀለበቷንና ትንሹን ጅግለር መለስኩ፣ ማርሚታውን ግን ጓርኒሲዮን እስኪገኝ ከነሞተሩ ማዳበሪያ ላይ ዘርግቼ በጋራ ግቢያችን ውስጥ አስቀመጥኩት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩልህ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት እኔ ከላሟ ጋጥ ጀርባ ሣሩን ስበትን፣ ሴቶቹ ደጃፍ ላይ ስንዴ ሲለቅሙ፣ ልጆች ሲጫወቱ፣ ከአስፋልቱ በኩል ድምፅ ተሰማ። ማንም አልተነሳም። ከሴቶቹ አንዷ እስራኤል መጣ አለች፣ ሳቁ። ልጆቹም እስራኤል፣ እስራኤል እያሉ ዘለሉ። ሙሴ ባጃጁን ሲያጥብ ነበር፤ ሊያሾፍብኝ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ እየሳቀ ወደ ውጭ በር ሄደ።

ማጭዱን ጥዬ ወጣሁና በሙሉ ድምፄ ሙሴ፣ እኔ እዚህ ነኝ አልኩት። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩ ውጭ ነበር። ዞሮ አየኝ፣ ማዳበሪያው ላይ የተዘረጋችውን ሞተር አየ። እንዲያ ያለ ፊት በሰው ላይ አይቼ አላውቅም። በሩን ዘጋው፤ ልጆቹን አንድ በአንድ እያነሳን ወደ ውስጥ አስገባን። ድምፁ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተሰማ። ማን እንደተኮሰ፣ ማን እንደተመታ እስከ ዛሬ ያልሰማሁት ብዙ ነው፤ ከኛ ግቢ ግን ሰው አልጎደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሰዎቹን ከከንቱ ፍርሃት አወጣኋቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሊያድናቸው የሚችለውን ፍርሃትም አብሬ እንደወሰድኩባቸው አላወቅኩም። ጓርኒሲዮኑ ትናንት ተገኝቷል፣ ግን አልገጠምኩትም። አገር እስኪረጋጋ ሞተርህ እንደተፈታች ትቀመጥ፣ ብትቆጣኝም ተቆጣኝ። በእግሬ ነው የምመላለሰው። ከጋራዥ ስመለስ ገና ከአጥሩ ሳልደርስ መጣሁ እያልኩ እጮሃለሁ፤ የት እንዳለሁ ሁሉም ማወቅ አለበት። ሞተሯ ፈርሳ በዓይናቸው እያዩዋት እንኳ፣ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ግቢው መጀመሪያ የሚጠራው የኔን ስም ነው። እስራኤል፣ አለህ? ይላሉ። አለሁ ስላቸው ልጆቻቸውን ይዘው ይገባሉ።

ለብርቅዬ እጅግ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ጨው ስታበዛብህ ዝም ብለህ ብላ። ናሆምን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ። የሱቅ ባልደረባህን አብዱረዛቅን ሰላም በልልኝ፣ እሱም ቤተሰቡን ይሰማ ዘንድ ቶሎ ይደውል በለው። ገነት በናፍቆት ሰላም ትልሃለች። ኦቦ ጃለታ ፈያ ነው ወይ፣ ደህና ነው ወይ፣ ብለው ጠይቀውሃል፣ እጃቸው እየዳነ ነው። ሙሴም ሰላም ብሎሃል፣ አጠገቤ ተቀምጧል።

የሚወድህ ታናሽ ወንድምህ
እስራኤል

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2008 ዓ.ም.