ለላሊ፣ ስለዚያ ስኒ

ውድ ወንድሜ ላሊ፣

ላሙ ደሴት፣ ወንድምህ ቤት እንዳለህ የነገረኝ የጀልባው ሰው ነው፤ ይህን ደብዳቤም የሚያደርስልኝ እሱ ነው። የላኪዋን ስም አይተህ ሳትከፍተው ብታስቀምጠው አልፈርድብህም። ከከፈትከው ግን እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ሠላሳ አራት ዓመት ቀንቼብሃለሁ። የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት እንዳበቃ ከስሩ ፍም ያለበትን የነሐስ ጀበናህን አንጠልጥለህ፣ ስኒዎችህን እያቃጨልክ ቡናህን ልትሸጥ ወደ መንገዳችን ስትገባ፣ ባሌ ጧሂር ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ይወጣ ነበር። እኔ ደግሞ የወተት ሻዬን ከእህቴ ከሳዳ ጋር ጓዳ ውስጥ እጠጣለሁ። ባልና ሚስት ሆነን ያን ያህል ስንኖር፣ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን አንድ ነገር አብረን ጠጥተን አናውቅም። እሱ ደጅ የድንጋይ መደቡ ላይ ከእናንተ ጋር ይስቃል፤ እኔ መስኮት ላይ ሆኜ ምን እንዳሳቀው እገምታለሁ።

ከዚያ በሽታው መጣ። አሮጌው ከተማ ተዘጋ፤ መደብ ላይ መቀመጥም፣ ቡና ማዞርም ተከለከለ። ቡና ማዞር ማቆምህን ልትነግረን የመጣህ ቀን ጧሂር በሩን ገርበብ አድርጎ ሲለምንህ እኔ ከመስኮቱ መጋረጃ ኋላ ነበርኩ።

«አንዲት ስኒ ብቻ፣ ላሊ። ማንም አያይም።»

«አልሰጥህም።»

«እቀየምሃለሁ።»

«ተቀየመኝ። የሚቀየመው በሕይወት ያለ ሰው ነው።»

ከዚያ ወደ መስኮቱ ቀና አልክና፣ «እህቴ፣ ይህን ሰውዬ አንቺ ካላጠጣሽው ያብዳል» አልከኝ። መንገድ ላይ ቆመህ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አስተማርከኝ። «ዝንጅብሉን ቀጥቅጪው እንጂ አትፍጪው። ስኳር የሚባል ነገር እንዳይነካው። ከፈላ በኋላም አትቸኩይ፣ ባልሽ የትም አይሄድም።» ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ ቡና ማፍላት ተማረ።

የመጀመሪያው ቡናዬ ጭቃ ነበር። ጧሂር ጨልጦት «ደህና ነው» አለኝ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። ቢሆንም በየቀኑ አፈላሁ፤ በየቀኑም ፊት ለፊት ተቀመጥን። እናንተን ያስቃችሁ የነበረውን ወሬ ለእኔ ያወራልኝ ጀመር። በወጣትነቱ መርከበኛ ሊሆን ተነሥቶ እናቱ ወረቀቱን እንደደበቀችበት የሰማሁት ያኔ ነው።

«ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?» ብለው፣

«አልጠየቅሽኝማ» አለኝ።

ላሊ፣ ሰው ሁሉ በፈራበት በዚያ ጊዜ እኔ እንደ አዲስ ሙሽራ ከሰዓት እስኪሆን እናፍቅ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ።

ጧሂርን ከደጃፍ አትወጣም ብዬ ከልክዬ፣ እኔ ራሴ ረፋድ ረፋድ በጓሮው ቀጭን መንገድ ሳዳ ዘንድ እሄድ ነበር። አንድ ሻይ፣ አንድ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ማሃምሪ፣ ትንሽ ጨዋታ። እህት ቤት ምን በሽታ ይኖራል እያልኩ። አንድ ቀን ሳዳ ትክ ብላ አየችኝ።

«አምስተኛ ማንኪያሽ ነው እኮ። ሻይ ነው ስኳር የምትጠጪው?»

«ስኳርሽ አይጣፍጥም» አልኳት።

ቤት ስመለስ ሬዲዮው፣ ጣዕም የጠፋበት ሰው ራሱን ከቤተሰቡ ይለይ ይላል። ዘጋሁት። ብለይ ኖሮ ያ የከሰዓት በኋላችን ይቀርብኝ ነበር። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የዚያን ዕለት ቡናውን አፈላሁ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ እኔ ከስኒው ቀምሼ ሰጠሁት። ለእኔ ትኩስ ውሃ ነበር። ጧሂር ፉት አለና ዓይኑን ጨፈነ።

«ዛሬስ ላሊን በለጥሽው» አለኝ። «አንቺስ እንዴት አገኘሽው?»

«እኔም ጣፍጦኛል» አልኩት።

በአምስተኛው ቀን ያስለው ጀመር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከሆስፒታል ተደወለልኝ። እጁን እንኳ አልያዝኩም።

ለቅሶ ልትደርስ መጥተህ መስኮቴ ሥር ራቅ ብለህ ቆምክ። እኔም መንገዱ ሁሉ እየሰማ፣ «ባሌን የገደለው ያንተ ስኒ ነው» አልኩህ። ስኒህን ስትነፍገው በጆሮዬ የሰማሁ ሴት። ቀና ብለህ አየኸኝ፤ አንዲት ቃል ሳትመልስ ሄድክ። መንገዱ ከተከፈተ በኋላም ካንተ እጅ የሚጠጣ ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ከተማውን ለቅቀህ መሄድህን ሰማሁ። ሰምቼም ዝም አልኩ።

ባለፈው ዓርብ ዝምታው አላስቀምጥ አለኝ። ወርጄ መደቡ ላይ በተቀመጡት ሰዎች ፊት ቆምኩ። «ጧሂር ከላሊ ስኒ አልጠጣም፤ ላሊ ከልክሎታል። በሽታውን ቤቴ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አውቄ ደበቅሁት» አልኳቸው።

ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ኮምቦ፣ «እናውቃለን» አለ።

«ምኑን?»

«የላሊ ክፍል ከሳዳ ቤት ትይዩ አልነበረም? ስትመላለሺ ያይሽ እንደነበር ከተማውን ሊለቅ ሲል ነገረን። ለምን እውነቱን አትናገርም ብንለው፣ ‹ጥፋተኛ ሳታገኝ አታርፍም። ራሷን ከምታገኝ እኔን ብታገኝ ይሻላል› አለን። እንዳንነግርሽም አማለን።»

ኮምቦ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ሴት ተቀምጣበት በማታውቀው መደብ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እነሱም ተነሥተው አልሄዱም።

ራሴን አገኘሁ፣ ወንድሜ። እንደፈራህልኝ ከባድ ነው፤ ግን የራሴ ነውና እኔ እሸከመዋለሁ። አንተ ከእንግዲህ አውርደው። ረመዳን እንዳለፈ ልጄ ላሙ ድረስ ይዞኝ ይመጣል፤ ይህንኑ ደጅህ ላይ በአፌ እነግርሃለሁ። ባትከፍትልኝም ለበርህ ነግሬው እመለሳለሁ።

እህትህ ምዋናሃዋ፣
የጧሂር ሚስት