ኮከብ ነዶ ሲጨርስ ምን ይቀራል?

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

ከተለዩን እነሆ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እንዴት ከረሙ ብዬ አልጠይቅዎትም፤ ያሉበትን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም ቤተ ክርስቲያን መሳለሟን አልተወችም። የቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ሆኗል፤ ዝናብ ሲመጣ ይጮህብኛል እያለች የሣሩን ቤት ትናፍቃለች። መቋሚያዎ ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ያ ነገረኛው ደቀ መዝሙርዎ፣ ዲያቆን ይበልጣል፣ አግብቶ እዚያው ደብሩ ቀርቷል፤ በእርስዎ ቦታ ዜማ ያስተምራል።

ግን ወሬ ልነግርዎት ብቻ አይደለም የጻፍኩት። አንድ ስህተት ላርም ነው።

ያን እሑድ ያስታውሱታል? ሰኞ የማስተምረው ክፍል ስለነበረኝ ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄደውን መኪና ልይዝ ቦርሳዬን አንግቤ ቆሜያለሁ። እርስዎ መደብዎ ላይ ጋደም ብለዋል። ዓይንዎ ማየት ካቆመ አራተኛ ዓመቱ ነበር፤ ማኅሌት መቆም ከተዉም ሁለት ዓመት ሆኖዎታል። "ኮከብም ያልቃል ትያለሽ፤ ለመሆኑ ልጄ፣ ነዶ ሲጨርስ ምን ይቀራል?" አሉኝ። መኪናው ከመንገዱ ላይ ክላክስ ያደርጋል። "ምንም አይቀርም አባዬ፣ ይጠፋል" አልኩዎት። "እሺ ልጄ" ብለው ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጉልበትዎን ስሜ ወጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት መርዶዎ መጣ።

የጠየቁኝ ስለ ኮከብ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ከቀብርዎ በኋላ ነው።

ደግሞም መልሴ ስህተት ነበር። የፊዚክስ መምህር ነኝ እያልኩ የመጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፍ በወጉ አንብቤው አላውቅም። ስለ ከዋክብት የሚናገረው እሱ ነው። ሁልጊዜ ዓመቱ ይቀድመናል፣ ፈተና ላይም እምብዛም አይመጣም፣ እናም ሰባት ዓመት ሙሉ ስዘለው ኖሬያለሁ። አርባዎ እንደወጣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እሱ አልበቃ ሲለኝ ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ሌላ መጽሐፍ ፈለግሁ።

እውነቱ እንዲህ ነው አባዬ። እንደ ፀሐያችን ያለ ኮከብ ማገዶው ሲያልቅበት መጀመሪያ ያብጣል፣ ይቀላል። ከዚያ የላይ የላዩን አውልቆ ሕዋው ላይ ይበትነዋል። መካከሉ ግን ይቀራል። ነጭ ድንክ ይሉታል። ስፋቱ ምድራችንን ቢያክል ነው፤ ክብደቱ ግን ከፀሐይ ጋር ይፎካከራል። ከእሱ አንድ ማንኪያ ቢዘገን የአርብ ገበያን አይሱዙ ያጎብጣል። ከእንግዲህ የሚነድ ነገር የለውም፤ የሚያበራው በዕድሜው ባጠራቀመው ሙቀት ነው። ይቀዘቅዛል፣ ግን ቀስ ብሎ። እስከ ዛሬ ድረስ ቀዝቅዞ ለመጨለም ጊዜ የበቃው ነጭ ድንክ አንድም የለም ይላሉ ሊቃውንቱ። እኔ ግን ይጠፋል አልኩዎት።

እርስዎስ? አራት ዓመት አንድ ፊደል ሳያዩ ስድስት ደቀ መዛሙርት ያስተማሩት በቃልዎ አልነበረም? እኔንስ የበዓላትን ቀን ሲያወጡ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ ሠላሳ እንደሚሆኑ በጣቶችዎ አንጓ እያስቆጠሩ ሒሳብ ያስወደዱኝ እርስዎ አልነበሩም? ይህን ያን ቀን ልነግርዎት ይገባ ነበር።

ዘንድሮ ያን ምዕራፍ ከመጨረሻ አንስቼ መጀመሪያ አደረግሁት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ለልጆቹ ምን ያደርግላቸዋል ብሎ ተከራከረኝ። እንግዲያው በቅዳሜዬ አስተምራለሁ አልኩ። ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩ ያውቃሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አንድ ተማሪዎች መጡ፤ በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ወንበር አነሰን። ትርንጎ የምትባል፣ ከገጠር በእግሯ የምትመላለስ ልጅ፣ እጇን አውጥታ ያንኑ የእርስዎን ጥያቄ ጠየቀችኝ። አሁን ግን አልቸኮልኩም። አስረድቼ ስጨርስ "እንደ ጉልቻ ነዋ፣ እሳቱ ከጠፋም በኋላ ግሎ እንደሚቆየው" አለች። ከዚያ የተሻለ አስረጂ ከየትም አላመጣም።

ባለፈው እሑድ ቤት ሄጄ የይበልጣልን ተማሪዎች ከደብሩ አጥር ውጭ ቆሜ ሰማኋቸው። እርስዎ ካረፉ በኋላ የመጡ ናቸው፤ አንዳቸውም አላዩዎትም። ከባዱ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ዜማውን ቆም አድርገው ጉሮሯቸውን ሁለቴ ይጠርጋሉ። የእርስዎ ጉሮሮ አጠራረግ ነው አባዬ! ይበልጣል ከትምህርቱ ጋር አብሮ ወስዶት ኖሯል፤ ልጆቹ ደግሞ የዜማው ክፍል መስሏቸው ተምረውታል። አጥሩን ይዤ ሳቅሁም፣ አለቀስኩም። ይበልጣልን ግን እንዲያርማቸው አልነገርኩትም።

ቃሌ ይህ ነው። ጠመኔ መያዝ እስከቻልኩ ድረስ በየመስከረሙ ከዚያ ምዕራፍ እጀምራለሁ። አስቀድሜ የምነግራቸውም አንዲት ችኩል ልጅ መኪና እንዳያመልጣት ብላ ለአባቷ የሰጠችውን የተሳሳተ መልስ ነው። ከዚያ ትክክለኛውን።

ልጅዎ አስናቀች