ሁለቴ ጠርቶ የሚዘጋው ስልክ

ኖቬምበር 8፣ እሁድ

ለመጻፍም አፈርኩ... የስልኩን ገመድ ከግድግዳው የነቀልኩት እኔ ነኝ። ከሶፋው ጀርባ ስለሆነ እማዬ አላየችም።

ሐሙስ ሳላስብ አነሳሁት። “አባትሽ የት ተደበቀ? ካልከፈለ መኪናችሁን እናስጎትታለን። ንገሪው፣ የኔ ቆንጆ” አለኝ አንድ ዕዳ ሰብሳቢ ሰውዬ። የአባዬ ጎማ መሸጫ ከከሰረ በኋላ ዳኛው ዕዳውን ሰርዞለት የለ? ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ አለ። ታዲያ ለምን ይደውላል?

አባዬ እሁድ እሁድ ከሰሜን ዳኮታ፣ ከሚሠራበት ስኳር ፋብሪካ አጠገብ ካለው የሕዝብ ስልክ ይደውላል። ሁለቴ ይጠራል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይጠራል። እሱ መሆኑን የምናውቀው በዚህ ነው። ዛሬ ልሰካው ሦስት ጊዜ ተንበረከክሁ። ያ ሰውዬ ቢሆንስ? ተውኩት።

ኖቬምበር 15፣ እሁድ

እማዬ ድንች እየላጠች ስልኩን ታያለች። “ሁለት እሁድ... ምን ሆኖ ነው?” የላጠችውን አጠብኩላት።

ከበሩ ኋላ የተሰቀለው የአባዬ ጃኬት አሁንም ጎማ ጎማ ይሸታል። “እንዴት ነሽ፣ ኦቾሎኒ?” እያለ ሲያቆላምጠኝ መስማት አማረኝ።

ኖቬምበር 18፣ ረቡዕ

የአባዬ ደብዳቤ መጣ። “እደውላለሁ፣ የሚያነሳ የለም። ተቀይማችሁኛል? ለምስጋና ቀን በዓል ልምጣ ወይስ ልቅር?”

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ገመዱን አየችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

“እኔም ጥፋት አለብኝ። ያ ሰውዬ ዝም እንዲል ብዬ ሃያ ዶላር ላክሁለት። ከዚያ ወዲህ ነው የባሰበት።”

“እማዬ! ዳኛው እኮ...”

“አውቃለሁ። ግን በዚህ ከተማ ያልከፈለ ሰው ስሙ ይጠፋል።”

ኖቬምበር 20፣ ዓርብ

እማዬ ከምትሠራበት ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት የአባዬን የኪሳራ ጉዳይ ለያዘችው ጠበቃ ደወለች። ጠበቃዋ እንዲህ አለቻት፦ “ስሙን ጠይቁት። የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቁጥር ንገሩት። ከዚያ በኋላ ከደወለ ለዳኛው አመለክታለሁ።”

ቁጥሩን በትልቁ ጻፍኩት።

ኖቬምበር 21፣ ቅዳሜ

ገመዱን ሰካሁት። ከምሳ በኋላ ጠራ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት... አባዬ አይደለም። እማዬ እጇን ዘረጋች።

“እኔ ላንሳው” አልኩ። እኔ!

“እህ፣ የኔ ቆንጆ፣ አባትሽ ተገኘ?”

ወረቀቱን አነሳሁ። ዕዳው በፍርድ ቤት መሰረዙን አነበብኩለት። ቁጥሩንም።

“ማነው ይህን ያስጠናሽ?”

“ስምህን ንገረኝ። እየጻፍኩ ነው።”

ስልኩን ዘጋው።

“ሃያ ዶላሬን ሲቀበል ግን ስም ነበረው!” አለች እማዬ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ስሙን ከነአድራሻው ለጠበቃዋ ልትልክ ነው።

እንደገና ሊደውል ይችላል። ይደውል።

ነገ እሁድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሁለቴ ጠርቶ እስኪዘጋ አልጠብቅም። ማንም ይሁን ማን፣ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳዋለሁ። አባዬ ከሆነ ገመዱን የነቀልኩት እኔ መሆኔን እነግረውና፣ ና እለዋለሁ።