ያልረጠበው ጋዜጣ

ልጄ፣ በወጣህበት በር በሰላም ይመልስህ፤ የሰው አገር ሰው ይውደድህ። እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ለክፉ አይሰጠኝም። አንተ ግን ካፖርትህን ሳትቆልፍ እንዳትወጣ።

እህትህ ሙያ ልትማር ጋሼ ቧንቧ ሠራተኛው ዘንድ የገባች ጊዜ፣ በስልክ «ሳምንት አትቆይም» ብለህ ስትስቅ እኔም አብሬህ መሳቄን ታስታውሳለህ። ለካ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌው ስናወራ በር ላይ ቆማ ትሰማን ኖሯል። ይኸው ስምንት ወሯን ያዘች።

ባለፈው እሑድ የኩሽናው ቧንቧ ማንጠባጠብ ጀመረ። እህትህ ያለቀውን ክብ ላስቲክ ቀይራ አጠበቀችው። ተገላገልን ብዬ ልነሳ ስል «ቆይ እማዬ» አለችና ከሥሩ ደረቅ ጋዜጣ አንጥፋ ከዋናው መዝጊያ የዘጋችውን ውሃ ለቀቀችው። ጋዜጣው ግማሽ ሰዓት ሳይረጥብ ካልቆየ፣ ጋሼ ሥራው አልቋል አይሉም አለችኝ። አንዲት ጠብታ ጠብ አለች። «ይቺማ ምን አላት፣ ሳህን እደቅንባታለሁ» ብላት ገላምጣኝ እንደገና ፈታችው። በሦስተኛው ጋዜጣ ላይ ጠብታ ሳያርፍ ግማሽ ሰዓቱ ሞላ። ስንት ዘመን ቤት ሳስተዳድር እንዲህ ያለ ትዕግሥት አላየሁም። ኮራሁባት፣ ልጄ።

እዚያው ወለሉ ላይ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስለዚያ ሳቅ ይቅርታ ጠየቅኋት። እጇን እየጠረገች «ወንድሜስ?» አለችኝ።

እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክልህ። ያን ደረቅ ጋዜጣ አጥፌ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ጠርዙ ላይ ባዶ ቦታ አለ። እባክህ የኔ ጌታ፣ እዚያው ላይ ሁለት መስመር ጽፈህ መልስላት።

እናትህ