«የትኛው ዐይን?» እያሉ የኖሩት እህታችን

ዛሬ የምንሸኛቸው እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና የሒሳብ መምህርት ከነበሩት እናታቸው፣ በጠባብ መንገድ ዳር ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የፊተኛው ክፍል የአባታቸው ሱቅ፣ የኋላው መኖሪያ ነበር። አፋቸውን ከፈቱበት ጊዜ ጀምሮ ጠያቂ ነበሩ። ደንበኛ ኮት ሊያስጠብብ ሲመጣ፣ «ከየት በኩል ነው የሰፋዎት?» ብለው አባታቸውን ይቀድሙ ስለነበር፣ አባታቸው «ይቺ ልጅ ገበያ ታባርርብኛለች» እያሉ ያማርሩ ነበር። አንድም ደንበኛ አላባረሩም።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ጨርሰው በሕክምና መረጃ አያያዝ ተመረቁ። በሃያ ሦስት ዓመታቸውም በአንድ የዐይን ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው ሐኪሞች የጻፉትን አንብቦ ለእያንዳንዱ ሕመም የተመደበለትን መለያ ቁጥር መስጠት ነበር። ይህን ሥራ «ቁጥር መለጠፍ» የሚሉት ሰዎች አሉ፤ ጥቂቶቹ ዛሬ እዚሁ ተቀምጠዋል። ይስሙት፤ ሕመምተኛው ለቀዶ ሕክምና ወረፋ የሚገባው ወይም ጠብታ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሸኘው በዚያ ቁጥር ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያስገረማቸው አንድ ሕመም ነበር። የዐይን ሽፋን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ዐይንን ይቧጥጣል። ሰው በጨፈነና በገለጠ ቁጥር በገዛ ፀጉሩ ብርሃኑን ይፍቃል። ለዚህ ሕመም አንድ ቁጥር አይበቃውም። የቀኝ ነው የግራ? የላይኛው ሽፋን ነው የታችኛው? ጠባሳ ስቦት ነው፣ እርጅና አላልቶት ነው ወይስ ጡንቻው ተኮማትሮ? ሐኪሙ ይህን ካልጻፉ እህታችን ካርዱን ይመልሱ ነበር። አለቃቸው «ዝም ብለሽ ‹ያልተገለጸ› የሚለውን ስጪውና እለፊ» ይሏቸው ነበር። ያቺ «ያልተገለጸ» የምትባል ቁጥር የሰነፎች መጠለያ ናት። ስንት ሰው በእርሷ ጥላ ሥር ዐይኑን እንዳጣ የሚያውቅ የለም፤ አልተገለጸማ! እህታችን ግን ቁጣ አያውቁም ነበር። ካርዱን ይዘው ደረጃውን ይወጡና በር ያንኳኳሉ። ሐኪሞቹም የጫማቸውን ድምፅ ሲሰሙ «የትኛው ዐይን መጡ» ይባባሉ ነበር። ቅጽል ስም ሆኖ ቀረ።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው የሆስፒታሉ ኤሌክትሪሺያን የነበረውን ወንድማችንን አግብተው አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። አማታቸውም ከእነርሱ ጋር መኖር ጀመሩ። አማታቸውን ቀኝ ዐይናቸው ለዓመታት ይቆረቁራቸው ነበር። ማለዳ ማለዳ መስኮት ሥር መስታወት ይዘው ይቀመጡና ወደ ውስጥ የዞረውን ፀጉር በወረንጦ ይነቅላሉ። እንሂድ ሐኪም ይይዎት ሲባሉ «ለዚች ለፀጉር?» ብለው ያላግጣሉ። በስንት ልመና ሄዱ። ወጣቱ ዶክተር መረመሯቸውና «ደረቅ ዐይን» ብለው ጽፈው ጠብታ አዘዙ።

ካርዱ እህታችን ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ቤት ውስጥ ጦርነት ተነሣ። የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም፣ ማለትም ይህን የጻፈው፣ «እትዬ፣ ሕመሙን አሳምረሽ ታውቂዋለሽ። ቁጥሩን ለውጪውና ወረፋ ትግባ! እጅሽ ላይ አይደለም እንዴ?» አለ።

«ዶክተሩ ያላዩትን እኔ አልጽፍም።»

«ታዲያ እናቴ ትታወር?»

«እሱን አላልኩም። ለምን አላዩትም? መጀመሪያ እሱን ልወቅ።»

ያወቁት በማግስቱ ከአማታቸው ጎን ተቀምጠው ነው። «እማማ፣ ሆስፒታል የሄድን ቀንም ነቅለው ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ታዲያስ! እንዲህ ሆኜ ሰው ፊት ልቅረብ?»

ነገሩ ይኸው ነበር። እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረግ፣ አማታቸው ዐይናቸውን ለሐኪሙ ጠርገው ነበር የሄዱት። የሚታይ ፀጉር አልነበረም። እህታችን እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ ወረንጦውን እንዲተዉት ለመኗቸው። አማታቸው «እንግዲህ ሳታበጥሪ ሂጂ በይኛ!» ብለው ሳቁ፤ ግን እሺ አሉ።

ሳቁ ብዙም አልቆየም። ፀጉሩ ሲያድግ ዐይናቸው ቀላ፣ እንባቸው አልቆም አለ፣ ብርሃን ጠሉ። ይህን የጻፈው ልጃቸው ወረንጦውን አምጥቶ ሲሰጣቸው መልሰው ወረወሩበት። እህታችን ከሥራ ሲመለሱ መጋረጃውን ጋርደው አጠገባቸው ይቀመጣሉ። የት ጋ እንደሚቆረቁር፣ ቀና ሲሉ ይሁን ዝቅ ሲሉ እንደሚብስ ይጠይቃሉ። አማታቸውም «ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ እንዴ?» እያሉ በሥቃያቸው መካከል ይስቁ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ዶክተሩ ፀጉሩን አዩት። የጻፉት ግን «የዐይን ሽፋን ወደ ውስጥ መታጠፍ» ብቻ ነበር። እህታችን ካርዱን ይዘው ደረጃውን ወጡ።

«ዶክተር፣ የትኛው ዐይን? የትኛው ሽፋን? ምክንያቱስ?»

«ኧረ በፈጠረዎት! አማትዎ አይደሉም እንዴ? ቤትዎ ሲያዩት አልከረሙም?»

«አይቻለሁ። የመረመርኳቸው ግን እኔ አይደለሁም።»

ዶክተሩ እየተነጫነጩ አማታቸውን መልሰው አስጠሩ። የቀኙን የላይኛውን ሽፋን ገልብጠው ከውስጥ ጠባሳ ሲያዩ፣ እግረ መንገዳቸውን ግራውንም ገለበጡ። እዚያም ጠባሳ ነበር፤ ጠርዙም መታጠፍ ጀምሯል። ግራውን ማንም አልጠረጠረውም፤ እህታችንም ጭምር።

ቤት ሲመለሱ ዋርሳቸውን «አንተ እንዳልከኝ ብለውጠው ኖሮ ቀኝ ብቻ ብዬ እጽፍ ነበር» አሉት። ቁጥር ለዐይን ይሠራል እንጂ ዐይን ቁጥር እስኪጻፍለት ደጅ አይጠናም የሚለው የዋርሳቸው አቋም ግን ዛሬም አልተለወጠም። ብቻ ሁለቱም ዐይኖች ተሠሩ፤ ዳኑም።

እህታችን ያን ሁሉ ዓመት ቁጥሩን ሲሰጡ ቀዶ ሕክምናውን አይተውት አያውቁም ነበርና፣ ዶክተሩን አስፈቅደው የአንድ ሌላ ሕመምተኛ ሲሠራ ቆመው አዩ። ሲወጡ «አባቴም የኮት ጠርዝ የሚገለብጠው እንዲሁ ነው፤ ስፌቱ ግን ይበላለጣል» አሉ። የማን እንደሚበልጥ ሲጠየቁ ሳቁ። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ሆነው ብዙዎችን አሠልጥነው በጡረታ ተሰናበቱ።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመ። ተኝተው በታከሙበት ሆስፒታል እያንዳንዱ ክኒን ለምን እንደታዘዘ ይጠይቁ፣ ካርዴን ላንብበው እያሉ ይለምኑ ነበር። አንዲት ነርስ «እማማ፣ እርስዎ ሕመምተኛ ነዎት ተቆጣጣሪ?» ብትላቸው «እስኪ ምን ብላችሁ እንደጻፋችሁኝ አሳዪኝና እነግርሻለሁ» አሏት። ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በስልሳ አራት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ዛሬ ከፊት ወንበር የተቀመጡት አማታቸው ቀርተዋል። አማታቸው ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በገዛ ዐይናቸው አነበቡት። «አማታቸውን አሠቃይተው አዳኗቸው» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት። እርሳስ አስመጥተው «አሠቃይተው» የሚለውን ሰረዙና ከጎኑ «አብራኝ ተቀምጣ» ብለው ጻፉ። እርማቱን ያለ ክርክር ተቀብለናል።

መጠየቅ ያልታከታትን ነፍሳቸውን ፈጣሪ በሰላም ይቀበልልን፤ ምራታቸውን ለሚሸኙት እናታችንም ጽናቱን ይስጥልን።